አክስቴ የመለሰችው ክራንች

የአባቴ ታላቅ እህት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስትሠራ የኖረችው መመለስ ነው። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበረች። የተሰፋው ሁሉ ካርቶን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በእሷ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ኮሌታውን ትገለብጣለች፣ ስፌቱን በሁለት አውራ ጣቶቿ ወጠር ታደርጋለች፣ ኪሱን እንደ ባለጌ ልጅ ጆሮ ትቆነጥጣለች። ያልጣማት ነገር ካለ በልብስ ሰፊ ጠመኔ የኤክስ ምልክት ትጭርበትና «ይመለስ» ትላለች። በቃ። ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ አትናገርም፤ የሰፋው ሰው ራሱ ይፈልገው። ሠራተኞቹ እሷ በሌለችበት «እትዬ ይመለስ» ነበር የሚሏት። የሥራ አስኪያጁ ሚስት በስጦታ የላከችላትን ቀሚስ ሳይቀር ክንዱ ላይ ኤክስ አድርጋ መልሳዋለች ይባላል። ጠይቄያት «ብብቱ ይተረተር ነበር» አለችኝ።

እናቴ ገና ሳልራመድ ሞታለች፤ አባቴ ደግሞ ረጅም መንገድ የሚነዳ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ይላል። ስለዚህ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። በቤታችን የቤት ሥራዬ ይመለሳል፣ የታጠበ ሳህን ይመለሳል፣ የታጠፈ አንሶላ ይመለሳል። ዳቦ ሻጩ እንኳ እኔን ሲያይ የከሰለውን ወደ ጎን ገፍቶ ከመሃል ይመርጥልኛል። እኔም በልጅ ልቤ አክስቴን የዓለም አለቃ አድርጌያት ነበር። የፈለገችው ይሆናል፤ ያልፈለገችው ይመለሳል።

ጡረታ በወጣች በሰባተኛው ወር መጋረጃ ልትሰቅል ወንበር ላይ ስትወጣ ወንበሩ ከሥሯ ሸሸና ዳሌዋ ተሰበረ። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሐኪሞቹ ብረት አስገብተው ጠገኗትና ወደ ቤት መለሷት። ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልወርድ አለች። መጸዳጃ ቤት ስትሄድ በእኔ ትከሻ ትደገፋለች፤ ተመልሳ ትተኛለች። እኔ ግን አልደነገጥኩም። አክስቴ ከተኛች መተኛት ፈልጋ ነው፤ ሲበቃት ትነሳለች።

ከሆስፒታል አብሯት የመጣ ዕቃ ነበር፤ አራት እግርና ሁለት መያዣ ያለው ግራጫ ብረት፣ ዎከር የሚሉት መደገፊያ። አክስቴ አንዴ ከላይ እስከ ታች አየችውና ጥግ እንዲቀመጥ አደረገች። በሳምንቱ ፎጣ ተሰቀለበት። ቀጥሎ የእኔ ካልሲዎች ተደረደሩበት። ሆስፒታል ለታመመ ሰው ልብስ ማስጫ አብሮ መስጠቱ በጣም ደስ ብሎኝ፣ ለክፍል ጓደኞቼም በኩራት ነግሬያቸዋለሁ።

አሁን ዕድሜዬ ወደ እሷ ዕድሜ ሲጠጋ ይገባኛል። አክስቴ ፈርታ ነበር። ወንበሩ ሲሸሽ የተሰማትን እግሯ አልረሳውም። ግን እሷ የምትፈራ ሰው መሆኗን ማን ያስባል? እሷ አልተናገረችም፣ እኛም አልጠየቅናትም።

በየሰኞው ከጤና ጣቢያ የምትመጣ ፊዚዮቴራፒስት ነበረች፤ ቀጭን፣ የስፖርት ጫማ የማይለያት፣ ስትራመድ አውቶቡስ ሊያመልጣት የደረሰ የምትመስል ሴት። አክስቴ «ወጌሻዋ» ትላታለች፤ የኳስ ተጫዋች እግር የምታሽ ይመስል። ወጌሻዋ እግሯን ከፍ ዝቅ እንድታደርግ ትለምናታለች። አክስቴ ሦስቴ ታነሳና «ለዛሬ ይበቃል» ትላለች። ወጌሻዋ ዎከሩን ታያለች፣ ካልሲዎቼን ታያለች፣ ካርዷ ላይ አንድ ነገር ጽፋ ትሄዳለች።

አንድ ሰኞ ግን ክራንች ይዛ መጣች። እንደ ሌሎቹ ክራንቾች ግራጫ አልነበረም። ከብብቱ እስከ መያዣው ቀይና ቢጫ ክር ተጠምጥሞበት፣ ከመያዣው በታች ሰማያዊ ተቀብቶ ነበር። ወጌሻዋ ክራንቹን የአክስቴ አልጋ ላይ አስቀመጠችውና ነገሩን እንደ ዋዛ ማውራት ጀመረች። በጤና ጣቢያው ግቢ ድሮ መጋዘን የነበረ አዳራሽ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሷና አንድ አናጢ የሰፈሩን ሰው ሰብስበው ክራንቹን፣ ከዘራውን፣ ዎከሩን፣ ተሽከርካሪ ወንበሩን በቀለምና በጨርቅ ያስውባሉ። ብዙ ሰው የተሰጠውን መደገፊያ ከበር ኋላ ደብቆ ቤት መዋልን እንደሚመርጥ ስላየች ነው የጀመረችው። ሰው የመነጽሩን ፍሬም ግማሽ ቀን መስተዋት ፊት ቆሞ ይመርጣል፤ ክራንቹን ግን እንደ ቅጣት ነው የሚቀበለው፤ እኛ እሱን ነው ለመለወጥ የምንሞክረው አለች። ይህን ሁሉ ስታወራ ዎከሩን ዞር ብላም አላየችው።

አክስቴ የሰማቻት አትመስልም። እጇ ክራንቹ ላይ ነበር። በመያዣው የተጠቀለለውን ጨርቅ ጨበጥ አድርጋ አዞረችው፤ ጨርቁም አብሯት ዞረ።

«መነጽሬን አምጪልኝ» አለችኝ። ከሆስፒታል ከወጣች መነጽሯን ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው። ቀጥላ ጠመኔዋን ጠየቀች። መያዣው ላይ ኤክስ ጫረችና «ይመለስ» አለች።

ወጌሻዋ በጣም የከፋት መሰለኝ። ሌላ አርባ እንዳለ፣ የሚያይላቸው ሰው እንደሌለ፣ ሁሉም በደስታ እየተቀባ ዝም ብሎ እንደሚወጣ ነገረቻት። አክስቴ አምጪያቸውና ልያቸው አለች። በማግስቱ አናጢው በእጅ ጋሪ ሦስት ይዞ መጣ። ሦስቱም ተመለሱ። በቀጣዩ ሳምንት ደግሞ የጋሪው ጎማ ፈንድቷል ተባለ።

«እንግዲህ እርስዎ ቢመጡ ነው የሚሻለው» አለቻት ወጌሻዋ። «መንገዱን በተሽከርካሪ ወንበር እገፋዎታለሁ። አዳራሹ በር ላይ ደፍ ስላለ ግን፣ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው በእግር ነው።»

 አክስቴ ወደ እኔ ዞራ፣ «ካልሲዎችሽን አንሺ» አለችኝ።

ለዎከሩ የፊት ቦርሳ ሰፋችለት። አንዱ ኪስ የጠመኔ፣ አንዱ የሜትር፣ አንዱ የመቀስ፣ አንዱ የመነጽር ነው። ያኔ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ፤ ለካ ይህ ብረት የተቆጣጣሪ ዕቃ መያዣ ነው! አክስቴ አዲስ ሥራ ተቀጥራለች፤ ሥራው ደግሞ ከዕቃው ጋር ነው የሚሰጠው። ከበሩ እስከ ጠረጴዛው አሥራ ስምንት እርምጃ ነበር። ከጎኗ ሆኜ ቆጥሬዋለሁ። በየሦስቱ ትቆማለች። ስትቆም አካባቢውን የምትገመግም መስሎኝ እኔም አብሬ ቆሜ ግድግዳውን ቆጣ ብዬ አይ ነበር።

አዳራሹ ቀለም ማቅጠኛና ሰጋቱራ ይሸታል። ወለሉ ላይ የተቀደደ ካርቶን ተነጥፎ፣ በላዩ የተገለበጡ ተሽከርካሪ ወንበሮች፣ በጣሳ የተቀመጡ ብሩሾች፣ የክር ኳሶች። የአክስቴ ጠረጴዛ በመስኮቱ ሥር፣ ግቢውንና ወደ መንገዱ የሚያስወጣውን በር በሚያይ በኩል ነበር። ሰው ሥራውን ይዞ ፓስፖርት እንደሚያስመታ ይሰለፋል። እሷም ትመልሳለች። መያዣው በዘይት ቀለም የተቀባ ከሆነ ይመለሳል። ዶቃው ቀሚስ የሚይዝ ከሆነ ይመለሳል። ሪባኑ ወደ ጎማው ሽቦ የሚደርስ ከሆነ ይመለሳል። አንድ ጡረተኛ አስተማሪ የከዘራውን የታች ጎማ ወርቃማ አድርጎ ቀብቶ በኩራት አቀረበላት፤ በመቀሷ ጫፍ ፋቀችለት።  እኔ በእፍረት ጠረጴዛ ሥር መግባት ቀረኝ። ላብ የያዘው እጅ ከቀለም ላይ እንደሚንሸራተት፣ የተቀባ ጎማ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ እንደ ሳሙና እንደሚሆን እሷ ታውቃለች፤ እኔ አላውቅም። እኔ ያየሁት የሚያምር ነገር ሁሉ ሲመለስ ነው።

አናጢው ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ነገር ነግሮኛል። የመጀመሪያዎቹን አራት ክራንቾች ያበላሸው እሱ ራሱ ነው፤ ወጌሻዋ ለምናው ሆን ብሎ። ጨርቁን አላላው፣ ብሎኑን ግማሽ ዙር ፈታው። አክስቴ በመጀመሪያዋ ቅዳሜ አስጠርታው ቀስ ብላ፣ «የጎበዝ እጅ ሲያበላሽ ያስታውቃል» አለችው። «ከእንግዲህ እውነተኛውን አምጣልኝ። ጨዋታ ከሆነ ቤቴ ይሻለኛል።» አናጢው ሲነግረኝ አሁንም ጆሮው ቀልቶ ነበር። ማታለላቸውን ቀድማ አውቃ ነው ካልሲዎቼን ያስነሳችኝ።

አንደኛው መደገፊያ የእኔ ሥራ ነበር። የመንገዳችን ማእዘን ላይ የሚቀመጠው ጫማ ሰፊ የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። አሮጌ የእንጨት ክራንች ነበረው፤ ከእሱ በፊት የሌላ ሰው፣ ከዚያም በፊት የሌላ ሰው የነበረ። ምን እንደምስልለት ስጠይቀው አላሰበበትም።

«የግራ ጫማ ሳዪልኝ» አለ። «ከአደጋው በኋላ ያላደረግኳቸውን የግራ ጫማዎች በሙሉ።»

ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ከታች ጀምረው እንደ ጉንዳን ወደ ላይ የሚወጡ አሥራ ዘጠኝ የግራ ጫማዎች ሳልኩ። ቦት፣ ነጠላ ጫማ፣ የወታደር፣ የኳስ፣ ጫማ ሰፊውን እስኪያስለው ያሳቀው ባለ ተረከዝ የሴት ጫማ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የሕፃን። ማሰሪያቸውን በአንድ ጭራ ፀጉር በቀጠነ ብሩሽ ነው የሠራሁት። ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ የአክስቴን ፊት እንጂ እጇን አላየሁም። እጇ ክራንቹን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። የመርፌ መከላከያዋን ቲምብል ባጠለቀችው ጣቷ ቶክ ቶክ አደረገችው፤ ትንሽ ዝቅ ብላ ደገመችው፤ ጆሮዋን አስጠጋች። ከዚያ ኤክስ ጫረችበት፣ ከወታደሩ ጫማ አጠገብ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

«ይመለስ።»

ማንም ጠይቋት የማያውቀውን እኔ ጠየቅኳት። «ምኑ?»

«ፈልጊው» አለችና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።

ፈለግኩት። ማሰሪያዎቹን አስተካከልኩ፣ የቦቱን ተረከዝ አጠቆርኩ። ጥፋት አላገኘሁም። ያገኘሁት ንዴት ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ አባቴ መጣ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱና ወጌሻዋ በረንዳ ላይ ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። በወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆምኩ። አባቴ ደክሞት እንደሆነ ከድምፁ ያስታውቃል። እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «እስከ ወሩ መጨረሻ ካላቆመች ይዘጋል። ልጅቷ ታዝናለች፤ ግን ምን ላድርግ?»

እንደዚያ ነው የሰማሁት። ካላቆመች። መመለሷን ካላቆመች አዳራሹ ሊዘጋ ነው። ልክ ነዋ! የሚመለሱት የሚቀመጡበት መደርደሪያ ሞልቶ ወለል ላይ መደርደር ጀምረዋል። ሰዉ እየከፋው ነው። የምታዝነው ልጅ ደግሞ እኔ ነኝ።

አባቴ ያለው ግን «ካልቆመች» ነው። በእግሯ ካልቆመች፣ ራሷን ችላ ቤት ውስጥ ካልተንቀሳቀሰች፣ ቤታችን ይዘጋል። እሷ ሌላ ከተማ ወዳለው ወንድማቸው ትሄዳለች፤ እኔ አዳሪ ትምህርት ቤት እገባለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሰው ክራንች ሆና አትኖርም ብሎ ቆርጦ ነበር፤ ልክ ነበር። በር ጀርባ የቆመ ሰው የሚሰማው ሁልጊዜ አንድ ፊደል ይዛነፍበታል።

አርብ ከትምህርት በኋላ አዳራሹ ክፍት ነበር። አናጢው ውጪ መጋዙን ይስላል። በመሐረቤ ላይ ውሃ አንጠባጥቤ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። ያሰብኩት ሁሉንም ኤክስ ላጠፋ ነው፤ አዳራሹን ለማዳን። ግን የጀመርኩት ከራሴ ነው። የወታደሩን ጫማ ጥግ ሳብስ፣ ቀለሙን ሳልነካ ቀስ ብዬ ሳጠራው፣ የመጋዙ ድምፅ ቆመ። ክራንቹን ፍተሻውን ካለፉት ጋር አስቀምጬ ወጣሁ። ከሠላሳ የሚበልጡ ኤክሶች እያሉ የራሴን ማስቀደሜን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ማዳን ያልኩት ነገር ምን እንደነበር ያስረዳኛል።

ቅዳሜ ያለፉት መደገፊያዎች ለባለቤቶቻቸው የሚሰጡበት ቀን ነበር። ግቢው በሰው ተሞላ። አስተማሪው በዳግም ሥራ ያለፈውን ከዘራውን እንደ ማርሽ ባንድ መሪ እያነሳ ይጥላል። አንዲት እናት የልጇን ተሽከርካሪ ወንበር በቤት ጣሪያ ላይ በተደረደሩ ወፎች ሞልታው ነበር፤ ልጁ ሰው ሁሉ ወፎቹን እንዲቆጥር ያስገድዳል። አባቴ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ እጁን ኪሱ ከቶ ከበሩ አጠገብ ቆመ። ጠዋት አናጢው ምልክት የሌለባቸውን ሰብስቦ አዲስ ጎማ አጥልቆላቸዋል፤ የእኔንም ጭምር። ጫማ ሰፊው ክራንቹን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች እያየ አሥራ ዘጠኙንም ስማቸውን የሚጠራ ይመስል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ሳመኝ። ከዚያ ሰው እያጨበጨበለት ወደ መንገዱ ወጣ። ደስ አለኝ፤ ከደስታው ሥር ግን ያጠፋሁት ኤክስ ነበር።

አክስቴ አዳራሹ ውስጥ ሆና የአንድ ወንበር ብሎን እያጠበቀች ነው። ቀና ስትል በመስኮቱ የግራ ጫማዎች ሲያልፉ አየች።

ሰው አልጠራችም። የጠራች እንደሆነ በዚያ ሁካታ ማን ይሰማት ነበር? ዎከሩን ያዘችና ተነሳች። አሥራ ስምንቱን እርምጃ ሳትቆም አለፈች። ደፉን አለፈች። ከደፉ ውጪ ያለው ተዳፋት ነው፤ ተዳፋቱን ወረደች። ግቢው ጠጠር ነበር፤ የዎከሩ እግሮች ጠጠር ውስጥ ይሰምጣሉ፤ እያነሳች እየተከለች፣ እያነሳች እየተከለች ሄደች። ሰው ከፊቷ ገለል አለ። ወጌሻዋ ልትይዛት እጇን ዘርግታ ስትከተል አየሁ፤ ከዚያ እጇን ሰብስባ ዝም ብላ መከተል ጀመረች። የአክስቴ ፊት ነጭ ሆኗል፤ አንገቷ በላብ ርሷል። እኔ በሩጫ ከኋላቸው ነኝ። ወዴት እንደምትሄድ ከሁሉም ቀድሜ ያወቅኩት እኔ ነኝ።

ጫማ ሰፊው የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ደርሶ፣ መኪና እስኪያልፍ ጠብቆ፣ ክራንቹን ወደ አስፋልቱ ሊያወርድ ነበር። አክስቴ የሰውየውን ስም አታውቅም። ባላት ድምፅ ሁሉ የምታውቀውን ቃል ተናገረች።

«ይመለስ!»

ጫማ ሰፊው ዞረ። «ማን፣ እኔ?» አለ።

አባቴ በፍጥነት ክንዱን ያዘው። አናጢው እየሮጠ ደረሰ። አክስቴ ትንፋሽ እስክታገኝ አገጯን ወደ ክራንቹ ቀሰረች፤ ከዚያ አናጢውን በብብቱ አድርጎ እንዲደገፍበት አዘዘችው። ከባድ ሰው ነው። ተደገፈ፤ ምንም አልሆነም። አጥብቀህ አለችው። ሙሉ ክብደቱን ሲጥልበት ክራንቹ እንደ ደረቅ ዳቦ ቀጭ ብሎ ከአሥራ ሁለተኛው ጫማ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ።

አንድ አውቶቡስ በአጠገባችን አለፈ። ጫማ ሰፊው አውቶቡሱን ተከትሎ ካየ በኋላ፣ «አሥራ ዘጠኝ ጫማ ይዤ በባዶ እግሬ ልሞት ነበር» አለ። የሳቀ ሰው የለም።

«ምልክት አድርጌበት ነበር» አለች አክስቴ።

አናጢው ጠዋት ምልክት እንዳላየ ማለ።  ጥፋቱ በእሱ ላይ ሲወድቅ ፊት ለፊት አየሁት፤ አንድ ቃል ባልናገር እዚያው እንደሚቀር አወቅኩ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ።

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «ለምን?»

«ካላቆምሽ ይዘጋል ሲሉ ሰምቼ ነው። አዳራሹ እንዳይዘጋ ብዬ።»

ወጌሻዋ የስፖርት ጫማዋን ማየት ጀመረች። አባቴ ሰማይ ሰማይ ያያል። አክስቴ ሁለቱንም በተራ አየቻቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የጎደለ ስፌት ስታድን የኖረች ሴት የትኛው ፊደል እንደተዛነፈ ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባትም።

«ካላቆመች ነው ወይስ ካልቆመች ያልከው?» አለችው ወንድሟን።

አባቴ እንደ ተማሪ አቀረቀረ። «ካልቆመች ነው፣ እቴቴ» አለ።

«ይኸው» አለችው። «ቆሜያለሁ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም፤ መቆሟንማ ሁላችንም እያየን ነው። አባቴ ግን በእጁ ጀርባ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁና፣ የተቆጣችው እሱን እንደሆነ አሰብኩ፤ አሳዘነኝ።

የእኔን ቁጣ እጠብቅ ነበር። አልመጣም። አክስቴ የተሰበረውን ግማሽ ከአናጢው ተቀብላ ጣቴን ያዘችና ከስብራቱ ተነስታ ከቀለሙ ሥር ወደ ታች የምትወርድ አንዲት መስመር ላይ አሳረፈችው። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረች፤ አሮጌ፣ ውስጧ የጠቆረ። እኔ ሦስት ቅዳሜ በላይዋ ቀለም ስደርብ የቆየሁባት።

«እዚህ ጋ ነው» አለችኝ። «ይህን ያኔውኑ ልነግርሽ ይገባ ነበር። አልነገርኩሽም። ያ የእኔ ነው።» ትንሽ ተንፍሳ ጨመረችበት። «ሥዕሉን አልመለስኩትም እኮ። አንድም የተበላሸ ጫማ አላገኘሁበትም።»

በእድሜዬ ብዙ ምስጋና ሰምቻለሁ። እንደዚያ ተመዝኖ የተሰጠኝ የለም።

ወንበር መጥቶላት የእግረኛው መንገድ መሃል ተቀመጠች፤ ውሃ ጠጣች። መንገደኛው ዙሪያዋን እየዞረ ያልፋል። አባቴ መሬት ላይ አጠገቧ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ስለ መኪናው ፍሬን ነገራት። ወሩ አለቀ፤ ቤታችን አልተዘጋም። ስለ አዳሪ ትምህርት ቤት በእኔ ፊት አንዴም ሳይነሳ ቀረ። አናጢው ለጫማ ሰፊው ከአዲስ እንጨት ሌላ ክራንች ሠራ፤ እኔ አሥራ ዘጠኙን ጫማ ከሀ ጀምሬ ሳልኩ። በሁለተኛው ጊዜ ቦቱ ይበልጥ አማረ። አክስቴ አንኳኳችው፣ አዳመጠች፣ ለሰውየው በእጇ ሰጠችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠመኔዋ ብቻውን አልሠራም። የምትመልሰው ላይ ትንሽ ወረቀት በክር ታስራለች፤ ወረቀቷ ላይ በእርሳስ ምክንያቱ ይጻፋል፦ «መያዣው ያንሸራትታል፤ በጨርቅ ጠቅልል»፣ «ዶቃው ጉልበት ይነካል፤ ወደ ውጭ አዙር»። ሰዎች እነዚያን ወረቀቶች አይጥሏቸውም ነበር። አስተማሪው የራሱን በፍሬም አድርጎ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎታል። በዚያ ጠረጴዛ አሥራ አንድ ዓመት ሠራች። በእሷ እጅ ካለፉት ውስጥ ከሥሩ ሰው የጣለ አንድም መደገፊያ አልሰማሁም። የራሷን ዎከር እንዲያስውቡላት ለመፍቀድ ግን ሰባት ዓመት ፈጅቶባታል። እሱም ቢሆን አንድ ቀለም ብቻ፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ መያዣው ሳይነካ።

ከሞተች በኋላ ወጌሻዋን አንድ ቀን ጠየቅኳት። እሷም አርጅታለች፤ አሁንም ትቸኩላለች። ከመሳቢያዋ የአክስቴን የልምምድ ካርድ አውጥታ ሰጠችኝ። ቀኑ፣ የእርምጃው ብዛትና አስተያየት በየመስመሩ ይነበባሉ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፦ «ፈቃደኛ አይደሉም፣ ፈቃደኛ አይደሉም»። ከዚያ ሁለት እርምጃ፣ አምስት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ስምንት። የዚያች ቅዳሜን መስመር ፈልጌ አገኘሁ። የእርምጃው ቦታ ባዶ ነው። ማን ቆጥሮት? በአስተያየቱ ቦታ ግን፣ በችኮላ በተጻፈ የእጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ይላል፦

«ዛሬ ልምምድ አልተደረገም። ታካሚዋ ሥራ ላይ ነበሩ።»